አራት ብሎን እና ትንሽ ክፍተት

ስንጥቁን መጀመሪያ ያየሁት ኮሶዬ ላይ ነው። ጠዋት ነበር፤ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ወደ አምባ ጊዮርጊስ እየሄድኩ ገደሉ አፋፍ ላይ ሞተሬን አቆምኩና ጣቶቼን ማርሚታው አጠገብ ማሞቅ ጀመርኩ። ፀሐይ ብቅ ስትል በንፋስ መከላከያው የታችኛው ቀኝ ብሎን ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አበራ። ቆሻሻ መስሎኝ በአውራ ጣቴ አሸሁት። አልለቀቀም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ፕላስቲኩ ውስጥ የገቡ ቀጫጭን ስንጥቆች ናቸው። ከብሎኑ ቀዳዳ ተነስተው በየአቅጣጫው ይሄዳሉ። አንዷ ከሌሎቹ ረዝማ ጣት ታህላለች።

ያን ቀን እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ልቤ እሷ ላይ ነበር።

መንገዱን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደደነገጥኩ ይገባዋል። ጎንደር ራሷ ከ2100 ሜትር በላይ ናት። ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ስትወጡ ወገራ ላይ ከፍታው ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ብርዱ ግን የሌላ አገር ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኖ ያድራል። በዚያ ላይ የሞተሩ ፍጥነት አለ። የንፋስ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፤ ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን የሚገፋችሁ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ደረታችሁን የሚዳስሰው አየር፣ 60 ስትገቡ ይደበድባችኋል።

እናቴ ይህን ሒሳብ አታውቀውም። ሳሌን ግን ታውቀዋለች። መከላከያ ሳይኖረኝ በምሠራበት ዘመን ማታ ስመጣ በር ላይ ጋቢ ይዛ ነበር የምትጠብቀኝ። «ንፋስ ደረትህን በላው እኮ ልጄ» ትለኛለች። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በእጇ አሽታ፣ ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ ታደርግልኛለች። መከላከያውን ያስገጠምኩ ሰሞን ሳሉ ቀነሰ። ዳማከሴው ግን አልቀረም፤ እሷ ሁለቱንም ነው የምታመሰግነው።

እኛ ጋ ሰው ሁሉ «መስታወቱ» ይለዋል። የሞተር መስታወት ተሰበረ፣ የሞተር መስታወት ይቀየር። ሲታይ መስታወት ይመስላል እንጂ መስታወት አይደለም። ፕላስቲክ ነው፤ ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ፕሌክሲግላስ የምንለው አክሪሊክ ነው። ጠንከር ያለ፣ ቶሎ የማይጫጫር፣ ጥርት ብሎ የሚያሳይ ነው፤ ግን በኃይል ሲመታ ይሰበራል። ሌላው ፖሊካርቦኔት ነው። እሱ በመዶሻ ብትመቱትም አይበተንም። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። ቶሎ ይጫጫራል፣ ፀሐይ ከጊዜ ጋር ያቢጫዋል፣ ከሁሉም በላይ ኬሚካል አይችልም። ቤንዚን ሲነካው፣ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ሲነፋበት፣ ላዩ ምንም ሳይመስል ውስጡ ይታመማል። በተለይ ተወጥሮ የታሰረ ቦታ ላይ።

የኔው ፖሊካርቦኔት ነበር። ያሳመምኩትም እኔ ነኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። የከተማችን ኮብልስቶን ብሎን ያላላል። ከማራኪ ወደ ፒያሳ በየቀኑ የሚመላለስ ሞተር ሁሉ ይህን ያውቃል። የመከላከያዬ ብሎኖች በየሳምንቱ ይላላሉ፤ እኔም በየሳምንቱ አጠብቃለሁ። በመጨረሻ ሰለቸኝና ለሞተር ብሎን የሚቀባውን፣ ጥርሱ ላይ ደርቆ እንዳይላላ የሚይዘውን ፈሳሽ ሙጫ ጠብ አደረግሁበት። ከዚያም ባለኝ ኃይል አጠበቅሁት። ሬንጅ ሲረጭበት ደግሞ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ እጠርገው ነበር። ያ ሙጫ ለብረት እንጂ ለፖሊካርቦኔት አልተሠራም። ከብሎኑ ጥርስ ተርፎ ፕላስቲኩን የነካው ጠብታ፣ ከኃይለኛው ጥብቀት ጋር ተደምሮ፣ ያን የሸረሪት ድር ሠራ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ሳደርገው ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

አጥብቆ ማሰርን የተማርኩት ከአባቴ ነው። ነፍሱን ይማርና አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ስለ ገመድ ያለው አስተያየት የታወቀ ነው። «የላላ ነገር ይገድላል» ይል ነበር። ልጅ ሆኜ ሸራ ሲወጥር ገመዱን ሌላኛው ወገን ላይ ሆኜ እይዝለታለሁ። እግሩን ጎማው ላይ ተክሎ እስኪያቃስት ይስባል። ከዚያ በጣቱ ገመዱን እንደ ክራር ይመታዋል። ድምፁ ካልጣመው ይፈታና እንደገና። እኔም ብሎን ባየሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ለጭነት እውነቱን ነበር። ለዚህ ፕላስቲክ ግን እውነት አልነበረም፤ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደብኝ። የአባትን ምክር ቦታ ቦታውን ለይቶ መያዝ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ስንጥቁን ለማቆም ሞከርኩ። ስንጥቅ የሚሮጠው ጫፉ ስለታም ስለሆነ ነው። ኃይሉ ሁሉ እዚያች ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። ጫፏ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ከበሳችሁ ኃይሉ በክቡ ዙሪያ ይበተንና ስንጥቁ ይቆማል። ይህ ብረት ላይም የሚሠራበት ዘዴ ነው። ረጅሟ ስንጥቅ ላይ አደረግሁት፤ ቆመችም። ችግሩ ሌሎቹ ናቸው። አንዷን ስታቆሙ ሌላዋ ትነሳለች። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት መቀየር እንዳለበት ገባኝ።

ለኔ ሞተር ልክ ተብሎ የተሠራ አላገኘሁም። አራዳ ገበያ አካባቢ ያሉትን የመለዋወጫ ሱቆች አዳረስኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ጓደኛዬ ከመርካቶ ቅርጹ የሚቀራረብ፣ ግን ቀዳዳ ያልተበሳለት፣ አክሪሊክ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። ሁለቱን ገጽ ቀጭን ላስቲክ ለብሷል። ይህን ላስቲክ ሥራው ሳያልቅ እንዳትልጡት። እኔ ቀዳዳው እስኪበሳ፣ ጠርዙ እስኪሞረድ ድረስ አልነካሁትም፤ ከብዙ ጭረት አዳነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። እናቴ «ሰንበት ሳይገባ ጨርሰው» ብላ ጊዜዬን ቆርጣ ሰጠችኝ።

የአባቴን የዕቃ ሣጥን አወጣሁ። ከሞተ በኋላ ደጋግሜ ከፍቼዋለሁ፤ ስከፍተው ግን ዛሬም የግራሶው ሽታ እሱን ያመጣዋል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሴጌቶ፣ ሮንደላና ዳዶ የሞላበት የወተት ቆርቆሮ። ስማቸውን የተማርኩት ከሱ ነው፤ አማርኛ መሆናቸውን ፈጽሞ ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉ ጎንደር ነበረች፤ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ወታደሩ ሄደ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። የአገሬ መካኒክ ቃሉን ወስዶ የራሱ አደረገው። ዛሬ ካቻቢቴ አቀብለኝ ያለ ሰው የሚናገረው የኛን ቋንቋ ነው።

አሮጌውን መፍታት ከመግጠም ይልቅ ከባድ ሆነብኝ። ሙጫው ሁለቱን ብሎኖች ይዟቸዋል። ብሎኑ የሚታሰርበት ዳዶ ያለው ደግሞ ጎማ ውስጥ ነው። ይህችን ትንሽ ዕቃ ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ሳወጣት ግን በጣም ወደድኳት። ከውጭ አጭር የጎማ ቱቦ ናት፤ ጫፏ ውስጥ የነሐስ ዳዶ ተቀብሮባታል። ብሎኑን ስታዞሩት ዳዶውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ጎማው ይታመቅና ከኋላ ያብጣል። ያ እብጠት ነው የሚይዘው። ስለዚህ ብረት ፕላስቲኩን በቀጥታ አይነካውም። ንዝረቱን ጎማው ይውጠዋል። የኔዎቹ ጎማዎች ደርቀው እንደ ድንጋይ ሆነው ነበር። ውስጡ ያለው ዳዶ ከብሎኑ ጋር አብሮ እየዞረ አስቸገረኝ። ጎማውን በፒንሳ ጨብጬ ይዤ፣ ብሎኑን በቀስታ ወደፊትም ወደኋላም እያደረግሁ ነው ያላቀቅሁት። አንደኛዋን ቆርጬ አወጣኋት።

ከዚያ አሮጌውን አዲሱ ላይ ደርቤ የቀዳዳዎቹን ቦታ ምልክት አደረግሁ። ከመብሳቴ በፊት ግን ከፍታውን መወሰን ነበረብኝ። ሞተሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሄልሜቴን አጠለቅሁ፤ ታናሽ እህቴ መከላከያውን በቦታው ይዛ ቆመች። ጫፉ አፍንጫና ከንፈር አካባቢ መድረስ አለበት። ሰው የሚያየው በላዩ አሻግሮ እንጂ በውስጡ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ረጅም በሆነ ቁጥር የሚሻል ይመስለዋል። ሞተር ላይ የዝናብ መጥረጊያ የለም። የሐምሌ ዝናብ ላዩ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ከፊት የሚመጣ አይሱዙ መብራቱን ሲያበራ፣ በመከላከያው ውስጥ የሚያይ ሰው የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው። በጣም ካጠረ ደግሞ የተበጠበጠው ንፋስ ልክ ሄልሜቱ ላይ ያርፍና ራስን ያንቀጠቅጣል። እህቴ በእስክሪብቶ ከንፈሬ ትይዩ ላይ መስመር አሰመረች። «እዚህ?» አለችኝ። «ትንሽ ከፍ።» አንድ ጣት ከፍ አደረግነው።

የኤሌክትሪክ መብሻ ከጎረቤት ተውሼ ነበር። ገና የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሳልጀምር መብራት ጠፋ።

ትንሽ ጠበቅሁ። ፀሐይዋ ግን አትጠብቅም፤ ሰንበትም አይጠብቅም። ያኔ ሣጥኑ ሥር ያለው የአባቴ የእጅ ትራፓኖ ትዝ አለኝ። እጀታውን በአንድ እጅ ይዘው፣ በሌላው መዘውሩን የሚያዞሩት። ግራሶ ቀባሁት፤ ዞረ። እና ነገሩ ለበጎ ሆነ። አክሪሊክ ፍጥነት አይወድም። መብሻው በፍጥነት ሲዞር ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጥና መብሻው ላይ ይጠመጠማል፤ ሲወጣ ደግሞ ጎትቶ ይሰነጥቀዋል። በእጅ ሲዞር ግን ነጭ ቀጭን ጥቅልል እያወጣ በእርጋታ ይገባል። ከሥር የጣውላ ቁራጭ አድርጌ በደንብ አስደገፍኩት፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው መብሻው በወዲያኛው ገጽ ብቅ በሚልበት ሰዓት ነው። ምልክቱ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ መብሻው እንዳይንሸራተት። መጀመሪያ በቀጭን፣ ከዚያ በወፍራም። ሳልጫን። የትራፓኖው ክብደት ራሱ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ሳለሁ ጎረቤታችን ጋሼ በአጥሩ በኩል መጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ግንበኛ ነበሩ።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?»

«የሞተሩን መስታወት እየቀየርኩ ነው ጋሼ። ይቀመጡ።»

በርጩማ አመጣሁላቸው። ብሎኑን አነሱና ቀዳዳው ውስጥ ከተቱት። ተንቀጫቀጨ። «ቀዳዳውን አሰፋኸው እኮ! ብሎኑ ይዋኝበታል።»

ሆን ብዬ ነው ያሰፋሁት። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል፤ አክሪሊክ ከብረት ወደ ስድስት እጥፍ ይለጠጣል። 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ከወገራ የጠዋት ብርድ ወጥቶ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲመታው፣ በ30 ዲግሪ ልዩነት ወደ አንድ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ለውጥ ያመጣል። ትንሽ ትመስላለች። ቀዳዳው ልክክ ካለ ግን ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር መሄጃ የላትም። ብሎኑን ትገፋለች፤ ብሎኑ አይነቃነቅም፤ የሚሰነጠቀው ፕላስቲኩ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ከብሎኑ መስፋት አለበት። ክፍተቱን ጎማው ይሞላዋል።

እንደዚያ ብዬ አስረዳኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«እንደ ኖራ ነዋ» አሉኝ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ግንቡን አታውቅም? ጣሊያን ሲጠግነው ሲሚንቶ አደረገበት። ሲሚንቶ ድርቅ ይላል፤ ውኃውን ውስጥ ያፍነዋል። በኋላ ድንጋዩ ራሱ መሰንጠቅ ይጀምራል። ኖራ ግን ይተነፍሳል። ድንጋዩ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይንቀሳቀሳል።»

የፋሲል ግንብን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። በልጅነቴ ስንት ጊዜ ከዛፎቹ ሥር ተጫውቻለሁ። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ ትምህርት ቤት ተምረናል። አፄ ፋሲል ከተማዋን ከቆረቆሩበት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር ይዞ ያቆየው ኖራ መሆኑንም አውቃለሁ። በጣሊያን ጊዜ የገባውን ሲሚንቶ በኋላ የመጡ ጠጋኞች እያነሱ በኖራ እንደተኩትም ሰምቻለሁ። ግን ድንጋዩን ከሚያያይዘው ነገር ድንጋዩ ራሱ እንዲጠነክር፣ ኖራው ለስለስ እንዲል ሆን ተብሎ እንደሚደረግ አስቤው አላውቅም። ለስላሳው ቢሰነጠቅ ኖራ እንደገና ይቀባል፤ ድንጋዩ ቢሰነጠቅ ግን በምን ይተካል? ጋሼ ይህን የተናገሩት እንደ ተራ ነገር ነው። እኔ ትራፓኖውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አባቴና እሳቸው በአንድ ግቢ አጥር ተለያይተው ስንት ዓመት ኖሩ። አንደኛው እስኪያቃስት ያስራል፤ ሌላኛው ለድንጋይ መተንፈሻ ይተዋል። ሁለቱም ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ጠርዙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፤ ጥርስ ጥርስ የሆነ ጠርዝ የስንጥቅ መነሻ ነው። ለደረቁት ጎማዎች ምትክ ሁለት አዳዲስ አግኝቼ ነበር፤ ሁለት ቀሩኝ። ለነሱ ከአሮጌ ካላማዳሪ ክብ ክብ ቆርጬ፣ ከፊትም ከኋላም ደረብኩና በሮንደላና በዳዶ ያዝኳቸው። ሮንደላው ሰፊ መሆን አለበት፤ ኃይሉን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያሳርፋል።

ሲገጠም ደግሞ አንዱን ብሎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የለም። አራቱንም በጣት ታስገቡና መከላከያው ራሱ ቦታውን እንዲይዝ ትተዉታላችሁ። ከዚያ በመስቀል፣ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ፣ በካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ። ቁልፍ አልነካሁም። ጎማው እብጥ ማለት ሲጀምር አቆምኩ። እጄ ግን አልቆመም። አንድ ዙር፣ አንድ ዙር ብቻ፣ የሚል ነገር ክንዴ ውስጥ አለ። ካቻቢቴውን መሬት አስቀመጥኩት። መከላከያውን በሁለት ጣት ይዤ ነቅነቅ አደረግሁት። ትንሽ ሄደና ተመለሰ።

«ያዘ?» አሉ ጋሼ።

«ያዘ።»

ላስቲኩን ስንልጠው ግቢው ሁሉ በውስጡ ታየ። እህቴ በደስታ አጨበጨበች።

ሰኞ ጠዋት ወጣሁ። ኮሶዬ እስክደርስ ጆሮዬ ብሎኖቹ ላይ ነበር። ኮብልስቶኑ ላይ ትንሽ ተንኳኳ፤ አስፋልት ስገባ ዝም አለ። ንፋሱ ከአገጬ በላይ አልፎ ሄደ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ አራቱንም በጣቴ ነካኋቸው። አልተነቃነቁም፤ ድርቅም አላሉም። ከሰዓት ስመለስ ፕላስቲኩ በፀሐይ ግሎ ነበር፤ እንደገና አየኋቸው። ምንም የለም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አየሁ። አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ አያለሁ፤ ሲላሉ በጣቴ ኃይል ልክ ብቻ እመልሳቸዋለሁ።

የዚያን ሰኞ ማታ ቤት ስደርስ እናቴ እንደ ልማዷ በር ላይ ነበረች። ጋቢውን አልያዘችም። ደረቴን ሳይሆን ሞተሩን ነው መጀመሪያ ያየችው። መከላከያው በወገራ አቧራ ለብሷል። ቀረብ አለችና የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ልትጠርገው እጇን ዘረጋች።

«እማዬ፣ በደረቁ አይጠረግም። አቧራው ይጭረዋል።»

«ታዲያ በምን?»

«በውኃና በሳሙና። ለብ ባለ ውኃ።»

ወደ ውስጥ ገባች። ትንሽ ቆይታ እግሬን ልታጥብበት ያሞቀችውን ውኃ በጆግ ቀድታ መጣች። ከላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችበት፤ አቧራው በጭቃ መልክ ወረደ። ከዚያ በሳሙና የራሰ የጥጥ ጨርቅ ይዛ፣ ሕፃን እንደምታጥብ፣ ከመሃል ወደ ዳር ታብሰው ጀመር።